ሰሌዳው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለልጄ፣ ለሆዴ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? ባለፈው ስናወራ በየመሃሉ ጉሮሮሽን ስትጠርጊ እየሰማሁ ዝም አልኩ እንጂ ሲያሳስበኝ ነው የሰነበተው። ክፍልሽስ? ያፈሳል ያልሽኝን ጣሪያ አከራይሽ ጠገነልሽ ወይስ ዛሬ ነገ እያለ ነው? ካልጠገነ ቁጥሩን ላኪልኝ። ከአከራይ ጋር መሟገት ለአንቺ ራስ ምታት ነው፤ ለእኔ ሙያዬ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ብዬ አይደለም፤ የምሬን ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ፎቅ እወጣለሁ እወርዳለሁ። ነፋስ ሲነፍስ ግራ ዓይኔ ያነባል፤ ጠብታዬን በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ። ከዚያ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ስልክ ያስቸኩላል። አንቺም «እማዬ፣ መልሼ ልደውልልሽ» ትያለሽ፤ እኔም ያልኩትን ሳልጨርስ እሺ እላለሁ። እስክሪብቶ አያቋርጠኝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ያቺን የሥራ ፎቶዬን መቼም አትረሻትም። አረንጓዴ ኮት ለብሼ፣ ጸጉሬን ወደ ኋላ ለቅቄ፣ ክንዴን አጣምሬ የተነሳሁትን። ያኔ አንቺ ቦርሳሽ ከአንቺ የሚበልጥ ተማሪ ነበርሽ። በየሰፈሩ፣ በሚሸጥ ቤት አጥር ላይ ባለ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅላ ስታዪያት «እማዬ እዚህም አለች!» እያልሽ ሰው እስኪዞር ትጮኺ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት እንደሸጥኩባት እኔም አላውቅ። በእኛ ሥራ ፎቶ ጌጥ አይደለም። ሰው ቤትን የሚያህል ነገር ለማያውቀው ሰው አደራ ከመስጠቱ በፊት መጀመሪያ የሚያየው ያንን ፊት ነው፤ ድምፅሽን ሳይሰማ፣ ስምሽን እንኳ በቅጡ ሳያነብ። ለዚህም ነው ቢሯችን ደንብ ያወጣው፦ ሁሉም አሻሻጭ በየሁለት ዓመቱ ጉርድ ፎቶውን ያድሳል። ደንቡ ሻይ የምንጠጣበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

እኔ አላደስኩም። ለምን ብትይኝ፣ ያቺ ሴት ደስ ትለኝ ነበር። ቀጥ ያለች፣ አባትሽን በቀበረች በዓመቱ ቆማ የምትስቅ፣ ማንም ገፍቶ የማያልፋት ሴት ናት። አለቃችን፣ ማለት እሱ በሌለበት «ሽቶው» የምንለው ሰውዬ (ከእሱ ቀድሞ ሽቶው ስለሚገባ ነው)፣ ባየኝ ቁጥር «አንቺ ሴትዮ፣ ይቺን ፎቶ መቼ ነው ጡረታ የምታወጫት?» ይለኝ ነበር። እኔም አብረን እንወጣለን እለዋለሁ፤ ይስቃል፣ ያልፋል። ወጣቶቹ ግን ጸጉራቸውን በተሠሩ ቁጥር አዲስ ይነሳሉ።

ፊቴ የታመመበትን ጠዋት በደምሳሳው ነው የነገርኩሽ። ጥርሴን ስቦርሽ ውሃው በግራ ከንፈሬ በኩል ፈሰሰብኝ። አፌን ልዘጋ ብል አልዘጋም አለኝ። ቀና ብዬ መስታወት ሳይ ግማሽ ፊቴ ወርዷል፤ ግማሹ ደግሞ ደንግጦ ያየዋል። ጎረቤቴ ነፋስ መትቶሽ ነው አለች። ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው፣ በብዙ ሰው ላይ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ በአንዳንዱ ላይ ትንሽ ይቀራል አለ። እኔ ከአንዳንዱ ሆንኩ። አንቺ መጥተሽ ያስታመምሽኝ ሰሞን፣ ሾርባውን በማንኪያ ስትሰጪኝ ፊትሽን ወደ መስኮቱ ታዞሪ ነበር። እንባሽን እየደበቅሽኝ ነው ብዬ፣ እንዳላሳቅቅሽ እኔም ወደ ግድግዳው አየሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ «በረንዳ፣ መኝታ ቤት፣ ምድር ቤት» እያልኩ እንደ ሕፃን ተለማመድኩ። ከንፈር የሚነካ ፊደል ሁሉ ያመልጠኝ ነበር። ቤት የምትሸጭ ሴት «በረንዳ» ማለት ካልቻለች ምን ልትሸጥ ነው? አንደበቴ ሲፈታ ቢሮ ተመለስኩ።

ሽቶው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። እስክትድኚ አትድከሚ፣ ከኋላ ሆነሽ ስልክ አንሺ፣ ውል አዘጋጂ አለኝ። ከማተሚያ ማሽኑ ጎን ጠረጴዛ ሰጡኝ። በፊት ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ነገሩ ገባኝ። ስንት ዓመት ሙሉ «አድሺ፣ አድሺ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ፊቴ ከተጣመመ ወዲህ ስለ ፎቶ ትንፍሽ አላለም። አሮጌዋ ፎቶዬ በድንገት ተወዳጅ ሆነች። አዳዲስ ሰሌዳ ሲታተም እሷኑ አስፍቶ አሳተማት። እሷ በየአደባባዩ ስትስቅ ትውላለች፤ እኔ ከማሽኑ ጋር ቀለም እያሸተትኩ እውላለሁ። ሰው የእሷን ፊት አምኖ ይደውላል፣ እኔ አነሳለሁ፣ ቤቱን ለማሳየት ሌላ ሰው ይሄዳል።

አንድ ቀን የሚሄድ ሰው ጠፋ። ሁልጊዜ በእኔ ፋንታ የምትሄደው ባልደረባዬ፣ ባለ መነጽሯ፣ ልጇ ታሞባት ቀረች፤ ደንበኞቹ ደግሞ ከሩቅ ተነስተው መንገድ ላይ ናቸው። ቁልፉን ከመንጠቆው አውርጄ ሄድኩ። ሽቶው አልነበረም፤ ቢኖርም እሄድ ነበር።

ደንበኞቹ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስቲቱ ነፍሰ ጡር ናት። መኪናቸውን አጥሩ ሥር፣ ልክ ከሰሌዳዬ ፊት ለፊት አቁመው ይጠብቃሉ። ጠጋ ብዬ ሰላምታ ስሰጥ ሴትዮዋ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ መስኮቱን ዘጋችው። ለባሏ የምትለው ከውጭ ይሰማኛል፦ እሷ አይደለችም፣ ሌላ ሰው ናት፣ ሰሞኑን ቤት እናሳያለን እያሉ የሚዘርፉ አሉ፣ ተነስ እንሂድ። ባልየው መስታወቱን ጣት የምታስገባ ያህል ዝቅ አድርጎ፣ አይቀየሙኝና መታወቂያዎን ላየው አለኝ። አወጣሁለት። ልጄ፣ መታወቂያዬም ላይ ያለችው ያችው ናት! ሲያድሱልኝ የሰጠኋቸው የዚያኑ ፎቶ ትንሽ ቅጂ ነበር። ሰውየው መታወቂያውን ያያል፣ ሰሌዳውን ያያል፤ ሁለቱ ይስማማሉ። ያልተስማማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ከገዛ ፎቶዬ ጋር ተሟግቼ ተረታሁ።

ያዳነኝ የቤቱ ዘበኛ ነው። በሩን ከፍቶ ወጣና «ኧረ እሷ ናት! በአረማመዷ አውቃታለሁ፤ እንደ ወታደር ነው የምትራመደው» አላቸው። ሴትዮዋ እዚያው መቀመጫዋ ላይ ተሸማቀቀች። ወርዳ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ምንም አይደል አልኳት፤ ቤቱንም ክፍል በክፍል አሳየኋቸው፤ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት፣ ውሃው ቶሎ የማይወርድበትንም መታጠቢያ ሳልደብቅ። ንዴቱ ግን አለቀቀኝም። በእሷ አይደለም። እሷ ምን አጠፋች? የዋሻት ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ላይ ደግሞ የተጻፈው የእኔ ስም ነው።

በማግስቱ ፎቶ ቤት ሄድኩ።

ፎቶ አንሺዋ ትሑት ሴት ናት። ገና ስታየኝ መብራቱን ወደ ቀኜ አዞረችና «በቀኝ ጎንዎ እናንሳዎት፣ ግራው ጥላ ይግባለት» አለችኝ። ግራውም እንደ ቀኙ የራሴ ነው፣ እኩል መብራት ስጭው አልኳት። አገጬን ወዲህ፣ ትከሻዬን ወዲያ ስታደርግ ቆይታ ፈገግ ይበሉ አለች። ፈገግ አልኩ። ካሜራውን ከዓይኗ አወረደች። ሌላ ቀን ቢሆን እጄን አፌ ላይ አደርግ ነበር። ያን ቀን «ምነው፣ ፊልም አለቀብሽ?» አልኳት።

ፎቶውን ልወስድ ስመለስ በትልቁ አሳትማ አቆየችኝ። አየኋት፤ አላወቅኳትም። ቀኝ ፊቴን በኮምፒውተር ገልብጣ ግራው ላይ ለጥፋዋለች፤ ሁለት ቀኝ ያላት ሴት አድርጋኛለች! ሽበት የለ፣ መስመር የለ፣ ግንባሬ የተተኮሰ አንሶላ መስሏል። ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው አለች። ደስ እንዲለኝ ከሆነ እኔን ስጭኝ አልኳት። ተቀየመች፤ ሙያዋን የናቅኩባት መሰላት። ወንበር ስቤ ስለ መኪናው፣ ስለ መታወቂያው፣ ስለ ዘበኛው ስነግራት ግን ኩርፊያው ለቀቃት፤ ሳቅ ጀመረች፣ እኔንም አሳቀችኝ፤ በሳቃችን መሃል ካሜራዋን ብድግ አድርጋ ቀጭ አደረገችኝ። የቀረው ያ ነው። ግራ ዓይኔ ጠበብ ብሏል፣ ከንፈሬ ወደ ቀኝ ሸሽቷል፣ ሽበቴ ግንባሬ ላይ ቁልጭ ብሏል። መልኬ ነው።

ይዤው ሽቶው ቢሮ ገባሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አየውና ወደ መስኮቱ ዞረ። መቼም አንደበቱ ማር ነው። እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ ነው፣ ሰው አፍ እንዳትገቢ አለኝ። ሰው ቤት ሲገዛ ተስፋ ነው የሚገዛው፣ ሰሌዳ ላይ ሐዘን አይሰቀልም አለኝ። ሐዘኑን የቱ ጋ እንዳየው ጠየቅኩት፤ እየሳቅኩ ነው የተነሳሁት። ወሬውን አዙሮ «አሮጌዋ ምን ይወጣላታል? እሷው ትቆይ እንጂ» አለ። ና ብዬው ወደ ሻይ ክፍሉ ሄድን። ግድግዳው ላይ ያለውን ደንብ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ እያንዳንዱ አሻሻጭ አሁን ያለውን መልኩን የሚያሳይ ፎቶ ይኖረዋል። አሁን ያለውን! ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ዞረው አዩን። እሱም ቸኮለና «ደንቡ የወጣው ለጤነኛ ሰው ነው» አለ።

ሊውጠው ፈልጎ ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባለ መነጽሯ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው ድምፁ ተሰማ። እኔ አልተሳደብኩም፣ አላለቀስኩምም። አመሰግናለሁ አልኩትና ወጣሁ።

ከዚያ ያደረግኩትን ብታዪ ትስቂ ነበር። ማተሚያ ቤት ሄጄ ፎቶውን በሰሌዳው ልክ አሳተምኩ። ከዚያው ቤት ዘበኛ መሰላል ተዋስኩ። ባለ መነጽሯ (ያን ቀን ብርጭቆዋን ካስቀመጠች ወዲህ ሽቶውን አላናገረችውም) በመኪናዋ ይዛኝ ዞረች፤ እኔም ስሜ ባለበት ሰሌዳ ሁሉ ላይ አሮጌዋን በአዲሷ ሸፈንኩ። መሰላል ላይ ቆሜ ሙጫ ስቀባ አላፊ አግዳሚው አንገቱን አቅንቶ ያየኛል። አንዱ ሰውዬ ከታች ሆኖ «እትዬ፣ የጠፋ ሰው ነው?» ብሎ ጮኸ። «ተገኝታለች!» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሽቶው ደወለ። ማሩ አልቋል። ወይ አውርጂው ወይ ቢሮውን ልቀቂ አለኝ። እሺ፣ በጽሑፍ ስጠኝ አልኩት፤ «ፎቶዋ እሷን ስለሚመስል ከሥራ አሰናብተናታል» ብለህ ጻፍልኝ፣ ፈርም፣ ማኅተም ምታበት፤ እኔ ደግሞ አስፍቼ አሳትሜ ከጎኔ እሰቅለዋለሁ። ስልኩን ዘጋው።  ወረቀቱ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም፤ እኔም ሰሌዳውን አላወረድኩም። ከማተሚያው ጎን ያለውን ጠረጴዛ ግን ትቼ ወደ ድሮ ቦታዬ ተመልሻለሁ።

አልዋሽሽም፤ ሁሉም አላጨበጨበልኝም። ሁለት ባለቤቶች ቤታቸውን ከእኔ ወስደው ለሌላ ሰጡ። አንደኛዋ ስትነግረኝ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። ፊት ነሱኝ ብዬ ማዘን ጀምሬ፣ ኧረ እኔስ የራሴ ፊት አለኝ አልኩ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ያለቀስኩበት ቀንም አለ፤ ስጨርስ ጠብታዬን አድርጌ ቤት ላሳይ ገባሁ። ስልኩ ግን አልቆመም። እነዚያ ባልና ሚስትም ቤቱን ገዙት። የፊርማው ዕለት እኔ መንገድ ተዘግቶብኝ ስዘገይ፣ ያቺ ነፍሰ ጡር «እሳቸው ሳይመጡ አልፈርምም» ብላ ሽቶውን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

የአንቺ መልእክት የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው።

ደስታሽ ደስታዬ ነው። እጮኛሽን በድምፁ ወድጄዋለሁ፤ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ቤተሰቡም የተከበሩ፣ ስማቸው የሚታወቅ ሰዎች ናቸው ብለሽኛል፤ እሰየው። በሠርጉ አዳራሽ ትልቅ ስክሪን ላይ የሁለቱን ወገን ወላጆች ፎቶ እንደምታሳዩ፣ ለዚያም አረንጓዴ ኮት የለበስኩበትን እንድልክልሽ ጻፍሽ። አማቾችሽ ስልክሽ ላይ አይተዋት እንዴት ታምራለች እንዳሉም ጻፍሽ። ቀጠልሽና መንገዱ ረጅም ነው፣ አዳራሹ ጫጫታ ነው፣ ብርዱ ለነርቭ ጥሩ አይደለም አልሽ፤ የምትደክሚ ከሆነ አክስቴ በእናት ቦታ ልትቆምልኝ ትችላለች፣ አንቺ ቤትሽ አረፍ ብለሽ በስልክ ታዪናለሽ አልሽ።

ለጤናዬ ማሰብሽን ወደድኩት። መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐኪሜ ጋ ሄጄም ጠየቅኩት፤ ብርድም፣ ጫጫታም፣ ሠርግም ለፊት ነርቭ ምንም አያደርጉም አለኝ። ሌላ የምትጠይቂኝ አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩት።

ጉዴን ልንገርሽ፤ በልቤ እሺ ብዬሽም ነበር። ባለ አረንጓዴ ኮቷን ፎቶ ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ አድራሻሽን ጽፌ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ልጄ ደስ ይበላት፣ አንድ ቀን ነው ያልፋል አልኩ። ሥራ ለመሄድ ኮቴን ለብሼ ፖስታውን ላነሳ ስል ግን እጄ አልሄድ አለኝ። ያ መስኮት ትዝ አለኝ፤ ያ ጣት የምታስገባ ክፍተት። ያቺ ፎቶ ቀድማኝ አዳራሹ ውስጥ ገብታ በሩን ከውስጥ ልትዘጋብኝ ነው። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ በራሴ ልጅ በር ላይ ቆሜ መታወቂያ አላወጣም።

እናም እንዲህ ነው ልጄ። አክስትሽ እህቴ ናት፣ እወዳታለሁ፤ በክብር ትምጣ፣ በአክስት ቦታ ትቁም። የእናት ቦታ ግን ሰው አለበት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አዲሱን ፎቶ አያይዤልሻለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ለአማቾችሽ ግን ከሠርጉ በፊት አሳዪያቸው፤ ቤታቸው ተቀምጠው፣ በገዛ ጊዜያቸው ይዩት። መደንገጥ ካለባቸው ይደንግጡና ይጨርሱ። ምን ሆና ነው ካሉሽ ነርቭ ነው በያቸው፤ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።

ክፉ ልጅ እንዳልሆንሽ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አሳድጌሻለሁ። ሰው ትልቅ ቤት ሊገባ ሲል የራሱን ጫማ ያያል፣ የእናቱን ልብስ ያያል። እኔ በዚህ ሥራ ስንት ትልቅ ቤት ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ። ሁሉም ቤት በቁም ሣጥን የተሸፈነ የተሰነጠቀ ግድግዳ አለው። ስለዚህ ቀና ብለሽ ግቢ።

ቀሚሴ ተሰፍቶ አልቋል፤ ቀይ ነው። ባለ መነጽሯ ለዚህ ዕድሜ ቀይ ድፍረት አይሆንም ወይ አለችኝ። ለዚያው ነው ያሰፋሁት አልኳት። ትኬቴንም ቆርጫለሁ፤ የሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በሚገባው አውቶቡስ እደርሳለሁ።

ትዳርሽ ይባረክ፣ ጎጆሽ ይሙቅ፣ እጅሽ የነካው ይብዛ። ሰው ፊት የምታፍሪበት ቀን አይምጣብሽ፤ ቢመጣም ቶሎ ይለፍልሽ። ለሚወስድሽም ልጅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሲናገሩ አለማቋረጡን እንዳይተው ንገሪው።

መናኸሪያ የሚቀበለኝ ሰው እንዳትልኪ፤ አንቺ ራስሽ ነይ። መነጽር አላደርግም፣ ሻርፕም አልከናነብም። ከአውቶቡሱ ስወርድ ታውቂኛለሽ።

እናትሽ